በግራ ጆሮ ብቻ፦ የወረስኩት ዎክማን ፕሮፌሽናል

ዕቃው ሶኒ ዎክማን ፕሮፌሽናል ነው። ሞዴሉ ዲ6ሲ። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ የካሴት መቅረጫና ማጫወቻ። አዲሱ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ የምገመግመው ያገለገለ ዕቃ ነው። በጣም ያገለገለ።

ባለቤቱ ባልደረባዬ ነበር። የሙዚቃ ጋዜጠኛ። ካረፈ በኋላ ልጁ መቅረጫውን ከነማይኩ፣ አንድ ካርቶን ካሴትና ሰባት የማስታወሻ ደብተሮች ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸውና "አንተ ታውቅበታለህ ብዬ ነው" አለችኝ። አላውቅበትም ነበር። ግን እንዴት ብዬ አላውቅም እላታለሁ?

ቢሮ ውስጥ "ጋሼ" ነበር የምንለው። አንቱ ስንለው ግን ይቆጣል። ስለዚህ ጋሼ እያልን አንተ እንለው ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሁለት ሳምንት ያህል አፉ ይተሳሰራል፤ ከዚያ ይለምደዋል። እዚህም እሱ ብዬ ነው የምጽፈው። አሁን በሞት አንቱ ማለት ብጀምር ይታዘበኛል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ላውራ። በአራት ደብል ኤ ባትሪ ይሠራል። ከነባትሪው ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል መኖሩን አትረሱትም። ውስጡ ማይክ የለውም። ድምፅ ማጉያም የለውም። ማይኩን ከውጭ ትሰካላችሁ፤ የምትሰሙት በማዳመጫ ነው። ይኼ ጉድለት ሊመስል ይችላል። ለሥራው ግን ትክክለኛው ነገር ነው። ማይኩ ከሞተሩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ሲሆን የሞተሩን ጉርምርምታ አብሮ ይቀርጻል።

የምወድለት ሌላ ነገር አለ። የቀረጻውን የድምፅ መጠን የምታስተካክሉት ራሳችሁ ናችሁ። በረድፍ የተደረደሩ ትናንሽ መብራቶች አሉት፤ እነሱን እያያችሁ በእጅ ታዞራላችሁ። ብዙ የቃለ መጠይቅ መቅረጫዎች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። ሰው ሲጮህ ይቀንሳሉ፣ ዝም ሲል ይጨምራሉ። ጣጣው ዝምታ ሲመጣ ነው። ማሽኑ ተጨንቆ የክፍሉን ኮሽታ ሁሉ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ወንበር ይንጫጫል፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና እቤት የገባ ይመስላል። በዚህኛው ግን ዝምታ ዝምታ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ለጋሼ ትልቅ ነገር ነበር። ጋሼ ዝም የሚል ጠያቂ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ 43 ካሴቶች ነበሩ። ሁሉም ባለ 60 ደቂቃ። ባለ 90ውን አይገዛም ነበር፤ ቴፑ ስስ ነው፣ ይጨማደዳል ይላል። ባለ 120ውን እንኳን አታንሱበት። ወደ ኮምፒውተር ላዛውራቸው ወሰንኩ። የካሴት ነገር አቋራጭ የለውም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

የመጀመሪያውን ከፍቼ ማዳመጫውን ሳደርግ የቀኝ ጆሮዬ ምንም አይሰማም። ገመዱን ነካካሁ። ማዳመጫ ቀየርኩ። ተበላሽቷል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ ማይኩን ሳየው ገባኝ። ጋሼ የሚጠቀመው ባለ ሞኖ፣ ማለት ባለ አንድ መስመር ሶኬት ማይክ ነው። የመቅረጫው ቀዳዳ ደግሞ ስቴሪዮ ነው፤ ለግራና ለቀኝ ሁለት መስመር አለው። ሞኖው ሲሰካበት ድምፅ የሚገባው በግራው ብቻ ነው። በአንዲት ትንሽ አዳፕተር የሚፈታ ነገር! ዕድሜውን ሙሉ አልገዛትም። እናም 43ቱም ካሴቶች ላይ ሰው የሚያወራው በግራ ጆሮዬ ነው። በቀኙ ሽ... የሚል የቴፕ ድምፅ ብቻ። ሦስተኛው ካሴት ላይ ለመድኩት። አሥረኛው ላይ ግራ ጎኔ የተቀመጠ ሰው የሚያጫውተኝ ይመስለኝ ጀመር።

ጋሼ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያው ነው። "ባሱን ማን ነው የተጫወተው?" ዘፋኙ ስለ ራሱ ሊያወራ ተዘጋጅቶ መጥቷል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይኮሳተራል፤ አንዱማ የተጫዋቹን ስም ረስቶት ስልክ ደውሎ ጠየቀ፣ ካሴቱ ላይ ይሰማል። ጋሼ የከበሮውን፣ የባሱን፣ የኪቦርዱን ተጫዋች ስም ሳይዝ ጽሑፍ አያስገባም ነበር። በዚህ የተነሳ ጽሑፉ ይዘገያል። አዘጋጁ ይጮሃል። ጋሼ ደግሞ እርሳሱን እየቀረጸ ይጠብቀዋል። ቅዱስ ነበር ልላችሁ አይደለም። ሥራ በሰዓቱ አስገብቶ አያውቅም፤ ሸክሙ እኛ ላይ ነበር የሚያርፈው። የእጅ ጽሑፉም ዶሮ የጫረችው ነው።

ከዚያ ጥያቄ በኋላ ዝም ይላል። መልሱ ያልቃል፤ እሱ ዝም ነው። አምስት ሰከንድ። ስምንት። አንድ ጊዜ በሰዓት ቆጥሬ 14 ሰከንድ አገኘሁ። እኔ ብሆን ሦስት ጥያቄ እደረድርበት ነበር። ሰውዬው ጉሮሮውን ይጠርግና እንደገና ይጀምራል። ዋናው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው። ጽሑፎቹ ላይ እንዴት አወጣጣው ብለን የምንደነቅባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከዚያ ዝምታ በኋላ የመጡ ናቸው።

አሁን አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልንገራችሁ። ካሴት ላይ ቴፑ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። አንዱ ዙር በሌላው ላይ ያርፋል። እንደዚያ ሆኖ ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ማግኔት አጎራባቹ ላይ ጥላውን ይጥላል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ጆሮ ሰጥታችሁ ካዳመጣችሁ፣ ሊነገር ያለው ቃል ከመነገሩ ሁለት ሰከንድ ያህል በፊት በጣም ቀጭን ሆኖ ይሰማል። ባለሙያዎች እንደ ጉድለት ነው የሚያዩት፤ ጉድለትም ነው። ስስ ቴፕ ላይ ይብሳል።

ጋሼ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ያ ጥላ ይሰማል። ሰውዬው ገና አፉን አልከፈተም። ሊል ያለው ግን ከሩቅ እየመጣ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ማታ ነበር፤ ማዳመጫውን አውልቄ ተነሣሁ። ጋሼ ያኔ ይህን ሊሰማ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ጥላው የመጣው ከቀረጻው በኋላ፣ ቴፑ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ነው። ቢሆንም እየሰማ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

19 ቁጥር ካሴት ላይ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። እስካሁን ከሰማኋቸው ጋሼ ረጅም የሚያወራው እዚያ ብቻ ነው። አንዲት ዘፋኝ አለች፤ የመጀመሪያ አልበሟን ክፉኛ ተችቶባት ነበር። ጽሑፉን አስታውሰዋለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብለን እያነበብን ስቀንበት ነበር። ካሴቱ ላይ እንዲህ ይላታል፦ "ሁለት ጊዜ ብቻ ሰምቼ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።" እሷ ዝም ትላለች። በዚህ ጊዜ የምትጠብቀው እሷ ናት። ይህን አንዳችንም አልነገረንም። አምስት ጊዜ ያልሰማኸውን አልበም አትንካ የሚለው ሕጉ ከየት እንደመጣ ግን አሁን ገባኝ። እኔ ያ ሕግ ከትዕቢት የመጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ተጣልተን እናውቃለን። በ30ኛው ደቂቃ ካሴቱ ያልቃል፤ መገልበጥ አለበት። ሲገለብጥ ሰውዬው ይዝናናል፣ መቅረጫው ጠፍቷል ብሎ የልቡን ይናገራል። ጋሼ ከዚያ የሰማውን አይጽፍም። አንዴ አብሬው ሄጄ በዚያች መሀል እንዲህ ያለ ወሬ ወጣ፣ የፊት ገጽ ወሬ። ጻፈው አልኩት። "ካሴቱ ላይ የለም" አለኝ። ሰምተሃል እኮ አልኩት። "ካሴቱ ላይ የለም" አለ ደግሞ። ሳምንት ተኮራረፍን። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ያቺ ወሬ መውጣት ነበረባት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ከሁሉም የገረመኝ ቆጣሪው ነው። ባለ ሦስት አኃዝ፣ በቁልፍ ወደ 000 የሚመለስ። ጋሼ ቃለ መጠይቅ ሲጀምር ዜሮ ያደርገዋል። ከዚያ ደብተሩ ዳር ላይ ቁጥር እየጻፈ ይሄዳል። 112፣ አባቱ። 214፣ ዜማው ከየት እንደመጣ። 287፣ አለቀሰ። ቁጥሮቹ ዛሬም ይሠራሉ። ዜሮ አድርጌ፣ 214 ድረስ አስሮጬ ፕሌይ ስል ሰውዬው ስለ ዜማው ያወራል። ግን የካሴት ቆጣሪ ደቂቃ አይደለም የሚቆጥረው፤ የመንኮራኩሩን ዙር ነው። ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማሽን ይለያያል። በሌላ ማጫወቻ ሞክሬ 214 ላይ ያገኘሁት ስለ ጫማ የሚወራ ወሬ ነው። ስለዚህ ይህ መቅረጫ ከሌለ ደብተሮቹ ዋጋ የላቸውም። ዕቃውን መጣል የማልችለው በዚህ ነው።

እኔ ቃለ መጠይቅ የምቀርጸው በስልኬ ነበር። አንድ ቀን በመሀል ስልክ ተደወለ፤ ቀረጻው ቆመ፣ እኔ አላየሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል ወሬ ባከነ። ቢሮ ተመልሼ ራሴን ይዤ ስቀመጥ ጋሼ አልሳቀብኝም። እሱም እዚያ ነበርና ደብተሩን ገልጦ ሰጠኝ። ማንበብ አልቻልኩም። ተቀምጦ አነበበልኝ።

ለመግዛት ለምታስቡ እንዲህ ልበል። ያገለገለ ስትገዙ ውስጡ ያለውን ላስቲክ፣ ሠሪዎቹ ቺንጋ የሚሉትን፣ አስፈትሹ። ላስቲክ ያረጃል፤ ሲለጠጥ ድምፅ ይዋልላል። የዚህ ማሽን ፍጥነት በኳርትዝ የሚጠበቅ ነው፣ እንደ ሰዓት። ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ቀጥ ያለ ነው። መፈተኛው የጋሼ ነው፦ ረጅም የፒያኖ ድምፅ ያለበት ካሴት አስገቡ። ድምፁ ካማጠ ወይም ከተንቀጠቀጠ አትግዙ። የሰው ድምፅ ይሸነግላችኋል፤ ፒያኖ አይሸነግልም። ሄዱን፣ ማለት ቴፑን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል አጽዱ። ቴፑ ከመነሻው ላይ ጥቂት የማይቀረጽበት ነጭ ቁራጭ አለው፤ እስኪያልፍ በእርሳስ አዙሩት። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ ማንም በስህተት አይደርብበትም። ጋሼ ጥርሶቹን የሚሰብረው እንግዳው ፊት ነበር። እንግዶቹ ይወዱት ነበር መሰለኝ።

የእኔው ደግሞ አንድ ጥገና ቤት ገብቶ የማይሆን ላስቲክ ተገጥሞለት ተመለሰ። ሁሉም ሰው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የሚያወራ ሆነ። ጋሼ እንኳ! ሌላ ዘንድ ወስጄ ተስተካከለ። ለማንኛውም ሠሪ ከመስጠታችሁ በፊት ዋናውን ላስቲክ ሳትጥሉ ያዙት፤ መለኪያ ይሆናል።

ዶልቢን፣ ማለት የቴፑን ሽ... የሚል ድምፅ የሚቀንሰውን ዘዴ በተመለከተ፦ ቢ የሚባለውም ሲ የሚባለውም ዓይነት አለው። በዶልቢ የተቀረጸውን ያለ ዶልቢ ከሰማችሁት ድምፁ ቀጭንና ሹል ይሆንባችኋል። ጋሼ ዶልቢ የተጠቀመባቸው ካሴቶች ጀርባ ላይ "ዶ" ብሎ ጽፏል። እንቆቅልሹን እስክፈታ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ኮከብ አልሰጥም። ጋሼ ኮከብ አይወድም ነበር።

ልጁ በኋላ ደውላ የራሱ ድምፅ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ እዚህ ላይ አስቸገረ። በሰማሁት ሁሉ ውስጥ የእሱ ድምፅ ትንሽ ነው፤ ያውም ከማይኩ ርቆ። ግን እያንዳንዱ ካሴት ሲጀምር ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ከአንድ እስከ አምስት ይቆጥራል። መብራቶቹን ለማየት። እነሱን ቆርጬ በተርታ አስቀመጥኳቸው። አራት ደቂቃ አይሞላም። ጉንፋን የያዘው አለ፣ የቸኮለ አለ፣ ሦስት ላይ ያስነጠሰው አለ። ሽ... የሚለውን ድምፅ በኮምፒውተር አጸዳሁ፣ በሁለቱም ጆሮ እንዲሰማ አደረግኩና ላክሁላት።

በማግስቱ ደወለች። "የአባባ አይመስልም" አለች። "ያልጸዳው የለም?"

አለ አልኳት። ያልጸዳውን፣ በግራ ብቻ የሚሰማውን ላክሁላት። አሁን ሙሉውን ለማዛወር የቀሩኝ ስድስት ካሴቶች ናቸው፤ ባትሪ ልቀይር።