ትቶ መውጣት ወይስ አውድሞ መውጣት?

ጦር ከውጊያ ሲወጣ ከባድ መሣሪያውን ለወዳጅ መንግሥት ይተው ወይስ ያውድም? ሰሞኑን አዳማ ቡና ላይ የሚያከራክረን ይሄ ነው። "ለምን ጭኖ አይመለስም?" የሚል አይጠፋም። አፍጋኒስታንን እንውሰድ፤ እንደኛው አገር ወደብ የላትም። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ለሞላበት ከተማ የጭነት ዋጋ ማስረዳት አያስፈልግም።

መተው ርካሽ ነው፤ ወዳጅም ጉልበት ያገኛል። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 ከአፍጋኒስታን ሲወጡ ለወዳጃቸው ለፕሬዚዳንት ናጂቡላህ መንግሥት ብዙ መሣሪያ ትተዋል። ወዲያው ይወድቃል የተባለው መንግሥት እስከ 1992 ቆየ። ታንኩ ብቻ ግን አላቆየውም። ከሞስኮ ነዳጅና ገንዘብ ይመጣለት ነበር፤ ያ ሲቋረጥ አበቃለት። በ2021 አሜሪካ ለአፍጋን ጦር ከሰጠችው ደግሞ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተው እዚያው ቀረ። ጦሩ ተበተነ፣ ታሊባን ወረሰ። ሰልፍ ላይም አሳየው።

ማውደሙስ? አሜሪካኖቹ ካቡል ኤርፖርት ላይ 73 አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከጥቅም ውጭ አድርገው ሄደዋል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቀድመህ ካወደምክ ወዳጅህን ትጥቅ አስፈታኸው ማለት ነው። ከዘገየህ ደግሞ አትደርስም።

እኔ መሣሪያውን መለየት ይሻላል ባይ ነኝ። ሄሊኮፕተር ያለ መለዋወጫና ያለ ቴክኒሻን ብዙ አይበርም፤ ቢተውም ያን ያህል አያስፈራኝም። ጠመንጃ፣ ጥይትና የሌሊት መነጽር ግን መካኒክ አይፈልጉም፤ በአህያም ድንበር ይሻገራሉ። ካሜራ ማሳየት የሚወደው ሄሊኮፕተሩን ቢሆንም፣ ቀድሞ ተቆጥሮ መውጣት ያለበት ይሄኛው ነው።