እየጫሩ የሚስሉበት ደብተር፦ ለልጅ ስጦታ ከመግዛትዎ በፊት

የደብተሩ ጥቁር ገጽ አብሮት በሚመጣው እንጨት ጫፍ ጫር ሲደረግ ከሥሩ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴው ብልጭ ይላል። ልጅን ከስልክ የሚያላቅቅ ግሩም ስጦታ ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ። የሳሳው ቶሎ ይቀደዳል። በሽቦ የተጠረዘውን ይምረጡ፣ ጠረጴዛ ላይ ልጥፍ ብሎ ይዘረጋል።

ትልቁ ፈተና ላጲስ የሌለው መሆኑ ነው። ጥፍርም ቀለበትም የነካው ቦታ ምልክት ይይዛል። ስለዚህ ከመዳፍ ሥር ንጹሕ ወረቀት አንጥፎ ከላይ ወደ ታች መሥራት ነው። የሳተች መስመር በጥቁር ማርከር ትሸፈናለች። ብናኙን በእጅ አይጥረጉት፣ ሥዕሉን ያቆሽሻል፤ ገጹን አዘንብለው ያራግፉት። እንጨቱ ሹል ስለሆነ ለሕፃናት አይሰጥም።

ደብተሩ ሲያልቅ እንዲህ ያለ ገጽ ቤት ውስጥም ይሠራል። ወፍራም ወረቀት ላይ ክሬዮን ጥቅጥቅ አድርገው ይቀቡ፤ በላዩ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የተቀላቀለበት ጥቁር ቀለም ያልብሱ። ሳሙናው ከቀረ ቀለሙ የክሬዮኑን ሰም አይዝም፣ እየተሰበሰበ ክፍተት ይተዋል። በደንብ ሲደርቅ በስቴኪኒ ይጫራል። ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ለሚያዞሩ ልጆች ይኼኛው ከተገዛውም ይሻላል፤ ወረቀቱን በፈለጉት መጠን ይቆርጡታል።