ለኪራይ ቤት ሎፍት፦ ጥቅል ሱፍ ወይስ ስፕሬይ ፎም?

እንግሊዝ አገር ቤት ገዝተው የሚያከራዩ ወዳጆቼ ብርዱ ሲመጣ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «የቤቱ ኢፒሲ ወድቋል፤ ሎፍቱን ምን ላስደርገው?» ኢፒሲ ማለት ቤቱ ኃይል ምን ያህል እንደሚቆጥብ የሚያሳይ የደረጃ ወረቀት ነው፤ ሎፍት ደግሞ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለው ቦታ። የኔም መልስ አንድ ነው፤ ሙቀት እንዳያመልጥ ኮርኒሱ ላይ የሚነጠፈው ጥቅል ሱፍ። ተረጭቶ የሚደርቀውን አረፋ፣ ስፕሬይ ፎምን፣ ሊሸጥላችሁ የመጣውን ሰው ሻይ አጠጡትና በሰላም ሸኙት። ለምን እንደምል ላስረዳ።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የሚከራይ ቤት የኢፒሲ ደረጃው ቢያንስ ኢ መሆን አለበት። ደረጃው ከኤ ይጀምርና ጂ ላይ ያልቃል፤ ኤፍና ጂ ወድቀዋል። በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለአዲስ ውል፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለነባሩም ተከራይ ይሠራል። የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) ከያዛችሁ ቅጣቱ በአንድ ቤት እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል። አከራይ ለማሻሻያው እንዲያወጣ የሚገደደው ቫትን ጨምሮ እስከ 3,500 ፓውንድ ነው። ያን ያህል አውጥቶም ኢ ካልደረሰ ለ5 ዓመት ነፃ የሚያደርገውን ምዝገባ መጠየቅ ይችላል። መንግሥት ደግሞ በዲሴምበር 2024 መስፈርቱን በ2030 ወደ ሲ የሚያሳድግ ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ዛሬ የምታሠሩት ነገ ላዩ ላይ የሚጨመርበት እንጂ የሚፈርስ ባይሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ብሩ። ወይም ወደ ፓውንዱ።

የሎፍቱ ወለል 40 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የሚመከረው የሱፍ ውፍረት 270 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለት ዙር ይነጠፋል፦ ባለ 100ው በኮርኒሱ እንጨቶች መካከል፣ ባለ 170ው ደግሞ ከላይ እንጨቶቹን አቋርጦ። ጋቢ እንደ መደረብ ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ክፍተት ይሸፍናል። በቅርቡ ስገዛ ባለ 100ው በካሬ 3 ፓውንድ ገደማ፣ ባለ 170ው 5 ፓውንድ ገደማ አወጣኝ። ሲደመር በካሬ 8፣ ለ40 ካሬ 320 ፓውንድ መሆኑ ነው። የተቆራረጠውን ለመተካት አንድ ጥቅል፣ ለጓንት፣ ለማስክና ለመነጽር ትንሽ ጨምሩበት። ቱታ መልበስም አትርሱ፤ የመስታወት ሱፍ ሲያሳክክ አይጣል ነው።

በጥቅሉ ዋጋ ግን እንዳትሸወዱ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ቆመው አንዱ 24፣ አንዱ 30 ፓውንድ ቢል ርካሹ የቱ እንደሆነ ገና አልታወቀም። ወፍራሙ ጥቅል የሚሸፍነው ካሬ ያንሳል። ፕላስቲኩ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የካሬ ሜትር ቁጥር ፈልጉና ዋጋውን ለዚያ አካፍሉት። እኔ ስልኬን አውጥቼ ሳላሰላ ጥቅል ወደ ጋሪ አላስገባም።

ከሱፉ ዓይነት የመስታወቱ ይበቃል። የድንጋዩም ጥሩ ነው፤ ይከብዳል፣ ዋጋውም ትንሽ ወጣ ይላል። የበግ ሱፍ የሚባለው ለራሳችሁ መኖሪያ ከሆነ እንጂ ለኪራይ ቤት ቅንጦት ነው።

ብዙ አከራይ የማያውቃት የቫት ነገር አለች። ሱፉን ራሳችሁ ከሱቅ ስትገዙ ቫቱ 20 በመቶ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ዋጋ ውስጥ ገብቷል። ዕቃውን አቅርቦ የሚገጥምላችሁ ሰው ስታሠሩ ግን እስከ ማርች 31 ቀን 2027 ድረስ ቫቱ ዜሮ ነው። ለዚያው 40 ካሬ ዕቃውን ጨምሮ 690 ፓውንድ የጠየቀኝ ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ ራሴ ልሥራው ከማለታችሁ በፊት ልዩነቱን አስሉት። ወገባችሁም ዋጋ አለው። የዋጋ ማቅረቢያው (ኮቴሽኑ) ላይ 20 በመቶ ቫት ደምሮ የላከ ካለ ደግሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ መልሱለት።

ሌላ የምታድኑት ገንዘብም አለ። ሎፍቱ ውስጥ የቆየ ሱፍ ካለ መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ደረቅና ንጹሕ የሆነ 100 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ አትንኩት፤ ላዩ ላይ ባለ 170ውን ብቻ አንጥፉ። ሒሳቡ ከ320 ወደ 200 ወረደ ማለት ነው። «አሮጌው መውጣት አለበት» ብሎ ማውጫ የሚያስከፍል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት። ውኃ ከነካው ወይም አይጥ ከተጫወተበት እውነቱን ነው፤ አለዚያ ሥራ እየፈጠረ ነው።

እንግዲህ ወደ ፎሙ። ስፕሬይ ፎም የሚረጨው ኮርኒሱ ላይ ሳይሆን ከጣሪያው ሸክላ ሥር፣ በጣሪያው እንጨቶች መካከል ነው። የምትከፍሉት ለተዳፋቱ ነውና ካሬው ከወለሉ ይበልጣል። አንድ ወዳጄ ለሚያከራየው ቤት 3,900 ፓውንድ ከፈለ። ሕጉ አውጡ ከሚለው 3,500 ፓውንድ በላይ ማለት ነው፣ ለሎፍት ብቻ! ሻጩ በር አንኳኩቶ የመጣ ነው። የ25 ዓመት ዋስትና በሚያምር ወረቀት ሰጠው።

ጉዱ የወጣው ወዳጄ ሪሞርጌጅ፣ ማለትም የቤቱን ብድር በአዲስ ብድር ለመተካት፣ ሲጠይቅ ነው። ቤቱን ለአበዳሪው የሚመረምረው ሰርቬየር መጣ። መሰላል ዘረጋ፣ የሎፍቱን ክዳን ገፋ አድርጎ ባትሪውን አበራ። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ፣ ጎርበጥባጣ፣ የደረቀ አረፋ። የጣሪያው እንጨት ጫፉ እንኳ አይታይም። ፎቶ አነሳና ወረደ። አንዲት ቃል አልተናገረም። ከጥቂት ቀን በኋላ አበዳሪው እንደማያበድር ጻፈ።

ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ፎሙ እንጨቱን ስለሚሸፍነው ሰርቬየሩ መበስበስ አለመበስበሱን ማየት አይችልም። አየር ሲታፈን እርጥበት እንጨቱ ላይ ሊጠራቀም ይችላል። ሸክላው ቢያፈስ ውኃው ከፎሙ ጀርባ ተደብቆ ይቆያል። ማየት ያልቻለውን ደግሞ ደህና ነው ብሎ አይፈርምም። ሁሉም አበዳሪ እምቢ አይልም፤ ግን እምቢ የሚሉት በርካታ ናቸው። እሺ የሚሉትም ብዙ ወረቀት ይጠይቃሉ።

ወዳጄ ዋስትና የሰጠው ድርጅት ስልክ ላይ ቢደውል አይሠራም። ድርጅቱ ተዘግቷል። ማስወገጃ ሲያጠያይቅ 5,200 ፓውንድ ተባለ፤ ካስገባበት በላይ። ሥራውን ቆሜ ስላየሁት ዋጋው አልገረመኝም። ፎሙን በቢላና በመፋቂያ ከእንጨቱ ላይ እየላጡ በጆንያ ያወርዱታል። አንዳንድ ሸክላ አብሮ ይሰበራል፤ እሱም ሌላ ሒሳብ ነው። ሱፍ ቢሆን ኖሮ ጠቅልሎ ማውረድ ነበር።

ለፎም ጥብቅና የሚቆም ሰው ፎሙ አየር አያስገባም፣ ሎፍቱንም ያሞቃል ይላችኋል። እውነት ነው። ሎፍቱ መኝታ ቤት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱንም ቢሆን ደህና ሠራተኛ በጠንካራ ቦርድ ይሠራዋል። ዕቃ ማስቀመጫ የሆነ ባዶ ጣሪያ ሥር ማሞቅ ግን ምን ይጠቅማል? ተከራዩ የሚኖረው ከኮርኒሱ በታች ነው።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ብልጭልጭ ፎይል። ጣት የማያክል ስስ ነገር «ከ270 ሚሊ ሜትር ሱፍ እኩል ነው» ይላል። ማስታወቂያውን ተዉና አር ቫልዩ የሚለውን፣ ሙቀት የመያዝ አቅሙን የሚያሳየውን ቁጥር ፈልጉ። የተለመደው ሱፍ በ270 ሚሊ ሜትር 6 ገደማ ይሰጣል። ፎይሉ ላይ ቁጥሩ ከሌለ ወይም 1 እና 2 ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ስልክ ደውለው «በነፃ እንሠራላችኋለን» የሚሉትም አሉ። የመንግሥት ድጋፍ ያላቸው ፕሮግራሞች በእርግጥ ነበሩ፤ በተለይ ተከራዩ ድጎማ የሚቀበል ከሆነ። ነገር ግን የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2025 ያወጣው ሪፖርት ያስደነግጣል። በእነዚህ ፕሮግራሞች የውጭ ግድግዳ ኢንሱሌሽን (ሙቀት መያዣ ልባስ) ከተገጠመላቸው ቤቶች 98 በመቶው መታረም ያለበት ከባድ ችግር አለባቸው፤ በውስጥ በኩል ከተገጠመላቸው ደግሞ 29 በመቶው። ነፃ ነው ብላችሁ ግድግዳችሁን ለማንም አትስጡ።

ሱፍም ቢሆን በደንብ ካልተሠራ ጉድ ያመጣል። ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበትን ጥግ ጠቅጥቀው ከደፈኑት አየር አይገባም፤ ሻጋታ ይመጣል። ኮርኒሱ ውስጥ የተቀበሩ መብራቶች ላይ ሱፍ ከተጫነ ይግላሉ፤ መከለያ ያስፈልጋቸዋል። ሱፉ ከተነጠፈ በኋላ ሎፍቱ ራሱ ከድሮው የባሰ ይቀዘቅዛል። የውኃ ታንከርና ቱቦ ካለ ሸፍኑት፤ ከታንከሩ ሥር ግን ሱፍ አታድርጉ፣ ከታች የምትመጣው ሙቀት ትድረሰው። ሱፉ ላይ ሳንቃ ደፍጥጦ መጫንም የለም። ከፍ የሚያደርጉ እግሮች አሉ። የኛ ሰው ተከራይ ሲሆን ደግሞ አዲስ አበባ የሚላክ ሻንጣ መቀመጫው ሎፍት ነው፤ ይህን አስባችሁ ሥሩ።

ሰነፍ ሠራተኛ የሚታወቀው ሩቅ ጥግ ላይ ነው። ክዳኑ አካባቢ አሳምሮ ያነጥፍና ዳሩን ይተወዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የአራቱንም ጥግ ፎቶ አምጣ በሉት፤ ሜትር ሱፉ ውስጥ ተተክሎ ቁጥሩ የሚነበብበት። ፎቶዎቹን ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ። ኢፒሲ የሚሠራው ሰው ነጥብ የሚሰጠው ላየውና ለለካው ነው። ሎፍቱ ተቆልፎበት ማየት ካልቻለና ማስረጃ ካላገኘ በቤቱ ዕድሜ ገምቶ ይሞላል፤ የድሮ ቤት ግምት ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። እሱን ከመጥራታችሁ በፊት የተከራዩን ዕቃ ከክዳኑ ሥር አስነሱ፣ መሰላልም አዘጋጁ።