«ለፍሪዘር የተዘጋጀ» ተብሎ በከረጢት የሚሸጠውን ብራሰልስ ስፕራውት አትግዙ

ንዴቱ ሳይበርድ ልጻፈው። «ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ለፍሪዘር የተዘጋጀ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት በትልልቅ ከረጢት በቅናሽ የሚሸጠውን ብራሰልስ ስፕራውት፣ ያችን ትንሽ ጥቅል ጎመን የምትመስለውን አትክልት፣ እንዳትነኩት። ሻጩን ሳልገልጽላችሁ ታውቁታላችሁ። ያው ከረጢቱን ከመደዳው ጫፍ የሚከምረው፣ የድሮውን ዋጋ በቀይ ሰርዞ ከሥሩ ሌላ የሚጽፈው፣ «ሰሞኑን የተለቀመ ነው፣ ነገ አታገኙትም» የሚለው ነው። ስለ አቀማመጡ ሲጠየቅም መልሱ የተሸመደደ ነው፦ «መቀቀል ምናምን አያስፈልገውም፤ እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ብቻ!»

ወደዚህች መልስ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ከረጢቱ።

ሳፋ ላይ ሲዘረገፍ ቀድሞ የሚወርደው ከላይ የነበረው ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሲጨበጥ የማይበገር። ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። ከዚያ ቀለሙ ድንገት ይቀየራል። ቀጥሎ የሚወርደው ፍሬ አነስ ያለ፣ የነጣ፣ እላዩ ላይ አንድም ጠንካራ ቅጠል የሌለው ነው። የተቆረጠበት እግሩ ግን ነጭና እርጥብ ነው፤ ላየው ሰው አሁን ከግንዱ የተቀነጠሰ ይመስላል። ማታለያውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፍሬ ለሁለት ሲሰነጠቅ ያ ነጭ እግር የጥፍር ውፍረት እንኳን የለውም። ከሱ በላይ ቡናማ መስመር ወደ መሃል ይወጣል፣ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተለያይተው ክፍተት ሠርተዋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ከከረጢቱ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የሚያሙለጨልጩ፣ ጥቁር ነጥብ ያወጡ ፍሬዎችም አብረውት ይወርዳሉ። ሽታውን አልናገርም።

የተደረገው ነገር ይሄ ነው። ስፕራውት ሲቆይ መጀመሪያ የሚያረጀው የውጭ ቅጠሉና እግሩ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ እግሩ ይደርቅና ይጠቁራል። ሻጩ ቢጫውን ልጦ ይጥላል፣ እግሩን በቢላ ስስ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ውሃ ይረጭበታል። አሮጌው ፍሬ በአንድ ጊዜ «አዲስ» ሆነ። ውሃው ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያበራዋል፣ በሚዛንም ላይ ይከብዳል። «ታጥቦ፣ ተልጦ» የሚለው ጽሑፍ ታዲያ ሐሰት አይደለም፤ የተላጠው ለምን እንደሆነ ብቻ ነው ያልተጻፈው። ለማስረጃ ያህል፣ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ቢጫ መሆኑ ብልሽት አይደለም፣ የማንኛውም ስፕራውት ተፈጥሮ ነው፤ በዚያ ከተከራከራችሁ ይረቷችኋል። የብልሽቱ ምልክት ቡናማው መስመርና በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ውጩ የነጣውም የውስጥ ቅጠል ውጭ ስለወጣ ነው፤ የሚያጠቁረው የውጩ ቅጠል ተልጦ ተጥሏል።

አሁን ወደ ባንኮኒው። የተሰነጠቁት ፍሬዎች ፊቱ ሲቀመጡ ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ አላያቸውም። ስልኩን እያየ በሁለት ጣቱ አንዱን አነሳ፣ ጨመቅ አደረገው፣ ወደ ከረጢቱ መልሶ ወረወረው። «ይሄኮ ጎመን ነው» አለ። «ፍሪዘር ከገባ በኋላ ሁሉም አንድ ነው።» አጠገቡ ያለችው ሻጭ ሳቀች። ስለ ሽታው ሲነገራት እሷም የራሷን ጨመረች፦ «ጎመን የማይሸትበት ቤት አለ እንዴ?» ደረሰኙ ላይ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። ሳይከፈት የማይታይ ብልሽት፣ ከተከፈተ የማይመለስ ዕቃ። ተመቻችቷል።

«ፍሪዘር ከገባ ሁሉም አንድ ነው።» ያናደደኝ ከገንዘቡ በላይ ይህ አባባል ነው፤ ምክንያቱም ንግዱ በሙሉ የቆመው በሱ ላይ ነው። ትኩስ አትክልት በማግስቱ ቢበላሽ ገዢው በማግስቱ ይመለሳል። ለፍሪዘር የተገዛ ግን ብልሽቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ወጥቶ ሲበስል ነው። ያኔ ደረሰኝ የለም፣ ገዢውም የሚወቅሰው የራሱን ፍሪዘር ነው። ያረጀ ዕቃ ለማራገፍ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ሁሉም አንድ አለመሆኑን ደግሞ ልዘርዝረው። ቅዝቃዜ ምንም አያድስም። ፍሪዘር ያለውን ነገር ባለበት ለማቆየት ይሞክራል፣ ያንንም በከፊል ነው የሚችለው። አትክልቱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ቀለሙንና ጣዕሙን የሚለውጡት ፕሮቲኖች፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳን ይዘገያሉ እንጂ አይሞቱም። አረንጓዴውን ቀለም ያደበዝዛሉ፣ ቅባቱን እያበላሹ የድርቆሽ ሽታ ያመጣሉ። የጎመን ዘር ሁሉ ሲቆረጥና ሲጨፈለቅ የሚመርረውና የሚሰነፍጠውም በኢንዛይም ነው፤ ሳይቆረጥ ተለያይተው የሚቀመጡት ነገሮች ሴሉ ሲቀደድ ይገናኛሉ። በየእግሩ በቢላ የተገዘገዘ፣ ከረጢት ውስጥ የተጨናነቀ ስፕራውት ይህን ሥራ የጀመረው ገና ሱቅ ውስጥ ሳለ ነው።

ስለዚህ «መቀቀል አያስፈልገውም» የምትለዋ ምክር ከአሮጌው ዕቃ ትብሳለች። ስፕራውት ወደ ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት በፈላ ውሃ ውስጥ ለተወሰነ ደቂቃ ተነክሮ ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት፤ ምግብ ቤቶች ብላንች የሚሉት ነው። ኢንዛይሙን የሚገድለው እሱ ነው። ጊዜው በፍሬው መጠን ይለያያል፦ ለትንሹ 3 ደቂቃ፣ ለመካከለኛው 4፣ ለትልቁ 5። የሚቆጠረው ፍሬው ከገባ በኋላ ውሃው እንደገና መፍላት ከጀመረበት ሰዓት ነው። በእንፋሎት ከሆነ ጊዜው አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ የምትኖሩ 1 ደቂቃ ጨምሩ፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው።

እዚህ ላይ የከረጢቱ ሁለተኛ ጉድ ይወጣል። ትልቁም ትንሹም ተደባልቋል። ልጦ ያሳነሰውን ካልተላጠው ጋር ቀላቅሎ ሲሸጥ አንድም የደቂቃ ቁጥር አይሠራለትም። 3 ደቂቃ ብትሉ የትልቁ መሃል ለብ ብሎ ብቻ ይወጣል። ለብ ማለት ደግሞ ጭራሽ ካለመነከር የከፋ ነው፤ ኢንዛይሙን ሳይገድል ያነቃቃዋል። 5 ደቂቃ ብትሉ ትንንሹ ይላሽቃል። መለየት የሚቻለው በእጅ፣ አንድ በአንድ ብቻ ነው። «የተዘጋጀ» የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

ብዛቱም ራሱ ወጥመድ ነው። ለግማሽ ኪሎ ስፕራውት 4 ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ያስፈልጋል። ከገባ በኋላ ውሃው በ1 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ካልፈላ አትክልቱ ለድስቱ በዝቷል ማለት ነው። ሲወጣ የፈላበትን ያህል ደቂቃ በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ለግማሽ ኪሎ አትክልት ግማሽ ኪሎ በረዶ ቁጠሩ። በረዶ የሌለው የቧንቧ ውሃ ሁለተኛው ዙር ላይ ይሞቅና ፍሬው በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ከዚያ ተንጠፍጥፎ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ማድረቁን ነው፤ የቀረው ጠብታ በረዶ ሆኖ ፍሬዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ትሪ ላይ ሳይደራረቡ ተዘርግተው እስኪጠነክሩ ይቀዘቅዛሉ፣ ከዚያ ወደ ዚፕ ከረጢት ይገቡና አየሩ እስከቻላችሁ ተጨምቆ ይወጣል። አየር ከቀረ የፍሬው እርጥበት በቀጥታ ተኖ ይወጣና ገጹ ነጣ ያለ፣ የደረቀ ቆዳ ያወጣል። ሲበላ እንደ ካርቶን ነው።

የቤት ፍሪዘር በአንድ ቀን ሊያቀዘቅዝ የሚችለውም ልክ አለው። ለእያንዳንዱ 1 ሊትር የፍሪዘር መጠን በ24 ሰዓት ከ30 እስከ 50 ግራም አዲስ አትክልት፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። 100 ሊትር ያለው ፍሪዘር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይችላል፤ ፍሪጅ ላይ ያለችው 20 ሊትር የማትሞላ ክፍል 1 ኪሎም ይበዛባታል። ከዚያ በላይ ሲታጨቅ መሃል ያለው በዝግታ ይቀዘቅዛል። ስፕራውት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፣ ቅንጣቱ የሴሉን ግድግዳ ይቀድዳል፣ ሲቀልጥ ውሃው ይፈስና እጅ ላይ የሚፈርስ ነገር ይቀራል። እና «እንዳለ ክተቱት» የተባለውን ያን ትልቅ ከረጢት፣ ውሃው ሥሩ እንደተኛ፣ ሳይነከር፣ ሳይለይ የከተተ ሰው የሚያገኘው አንድ ድንጋይ የሚያህል የበረዶ ጥርብ ነው። ለአንድ ምሳ የሚሆን ከሱ ለማውጣት መዶሻ ያስፈልጋል።

በደንብ የተሠራ ጥሩ ስፕራውት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 12 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። «ሁሉም አንድ ነው» ላለው ልጅ ይህን የሚነግርልኝ ቢኖር።

ስለ ሽታውም ለዚያች ለሳቀችው ልመልስላት። አዎ፣ ስፕራውት እሳት ሲበዛበት ድኝ ድኝ ይሸታል፤ የሰልፈር ውህዶቹ ናቸው። ያ ግን የሚመጣው ምድጃ ላይ፣ ከመጠን በላይ ሲበስል ነው። ቀዝቃዛ ከረጢት ገና ሲከፈት የሚሸት ስፕራውት በስብሷል፤ ሌላ ስም የለውም። ለመበስበሱም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከረጢቶቹ የተከመሩት ከፖም ሳጥኖች ጋር ተደግፈው ነው። ፖም ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ስፕራውት ደግሞ ኤትሊን ሲነካው ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። አትክልት ሻጭ ይህን አያውቅም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። እርጥብ ሳይሆን፣ ሳይታጠብ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ቢቀመጥ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይቆይ ነበር።

አሁን የገዛችሁ ካላችሁ ፍሪዘሩን እርሱት። የሚያሙለጨልጨውንና ጥቁር ነጥብ ያወጣውን ጣሉ። የቀረውን ቡናማውን ቆርጣችሁ ለሁለት ሰንጥቁና በአንድ ሁለት ቀን ጨርሱት፤ ዘይት ነክቶት፣ የተሰነጠቀው ፊት ወደ ትሪው ተደፍቶ፣ ከ200 ዲግሪ በላይ በሞቀ ኦቨን። አስቀድማችሁ አቀዝቅዛችሁት ከሆነ አታቅልጡት፤ ከነበረዶው ወደ ሾርባ።

ከእንግዲህ የምትገዙ ደግሞ የውጭ ቅጠሉ ያለበትን፣ ያልታጠበውን፣ መጠኑ ተቀራራቢ የሆነውን ውሰዱ፤ ከረጢቱ ሥር ውሃ ካለ አትክፈሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ከታች አንድ ፍሬ አውጥታችሁ እዚያው አስሰንጥቁት። አልሰነጥቅም ካለ ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ትታችሁለት ውጡ።