ኮቻባምባ ወይስ ዳካር?

ሁለቱም ከተሞች የውሃ አገልግሎታቸውን ለግል ኩባንያ ሰጥተው ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ በ1999 የ40 ዓመት ውል ተፈረመ። ተጫራቹ አንድ ብቻ ነበር፤ ነዋሪው በቅጡ አልተጠየቀም። ታሪፉ ወዲያው ናረ። ሰዉ በራሱ ገንዘብ የቆፈረው ጉድጓድ ሳይቀር ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሰጋ። አደባባይ ወጣ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደለ፤ ውሉ የተሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ቀድሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻል ነበር።

የዳካር አገር ሴኔጋል ግን በ1996 የውሃ መስመሩን በመንግሥት እጅ አቆየች። ኩባንያው ውሃውን ያከፋፍል፣ ሂሳብ ይሰበስብ ነበር። ሠራተኞችም አክሲዮን ነበራቸው። እንከን አልጠፋም፤ በ2013 ዋናው ቧንቧ ተበላሽቶ ዳካር ክፉኛ ተጠማች። ቢሆንም ምረጥ ብባል የዳካርን መንገድ እመርጣለሁ።