የቅድመ አያቴን ጎራዴ ከግራይንደር ያዳኑልኝ አባት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ምናለሽ ተራ ቢላና መቀስ የሚስሉ አንድ አባት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አባባ እያልኩ ልቀጥል።

ቅድመ አያቴ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው የዘመቱበት ጎራዴ እኔ ጋ ነው። ከእጀታው ሥር የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ማህተም አለበት፤ ብረቱ ላይ ደግሞ አንበሳና «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ተቀርጿል። ከሁለት ዓመት በፊት ዝገት እንዳይበላው ብዬ የኑግ ዘይት ለቀለቅኩትና አፎቱ ውስጥ ከትቼ ሰቀልኩት። ባለፈው ክረምት ልመዘው ብል አልወጣ አለኝ። እንደምንም ሲወጣ ዘይቱ ቢጫ ሙጫ ሆኖ ደርቋል፣ ከሥሩ ዝገት ጀምሯል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት «በግራይንደር እናብረቀርቅልሃለን» አለኝ። ጽሑፉስ ብል፣ «እሱማ ይጠፋል!» ደነገጥኩ፤ ጠቅልዬው ወጣሁ።

አባባ ብርሃን ላይ አገላብጠው አዩት። «ጥቁሩ ዕድሜው ነው ልጄ፣ አይነካም። የሚነሳው ቀዩ ብቻ ነው» አሉኝ። ሙጫውን በአልኮል አለሰለሱት፤ ቀዩን ዝገት ደግሞ ዘይት በነካ በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ቀስ እያሉ አነሱት። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ከፊደሎቹ አንዱ እንኳ አልደበዘዘም።

ስለ ዘይት የነገሩኝን ሁላችሁም ስሙልኝ። ኑግም ተልባም አየር ሲያገኛቸው ይደርቃሉ። ቅቤና ሞራ ሲቆዩ ይኮመጥጣሉ፣ ኮምጣጣው ብረት ይበላል። የሚሆነው ቀጭኑ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው፦ ሁለት ሦስት ጠብታ በንጹሕ ጨርቅ ከእጀታው ወደ ጫፉ፣ ጀርባውን ይዞ፣ ስለቱን ከእጅ አርቆ። ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ የሚቀረው ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል፣ የአፎቱንም ቆዳ ያበላሻል። በባዶ እጅ ከነካችሁት ወዲያው ጥረጉት፤ የላብ ጨው ጣታችሁን በዝገት ያትመዋል። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ ይደገማል። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ አሁን አፎቱ ለብቻው፣ ጎራዴው ለብቻው ነው የተቀመጠው።

ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ 400 ብር ነው። ልጨምር ብል እጄን መለሱት።

አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጎራዴ ወይም ሾተል ከአያት የወረሳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቃቸው ድረስ አደርሳችኋለሁ።