ከድሬ ወርዶ ዌል ሻርክ ማየት፦ ባሕሩ ሙሉ ነጥብ፣ ቢሮው ግን እንጃ

መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥና ልገላገል። ለባሕሩ አሥር ከአሥር። ለጀልባው ልጆች ስምንት። ቢሮ ቁጭ ብሎ ገንዘብ ለሚቀበለው ሰውዬ አራት፣ እሱም ፈገግ ስላለልን ነው። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ጅቡቲ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አስጎብኚ ብዙ ነው፣ የምለውም ለየትኛውም ይሠራል።

የድሬ ሰው ነገር ግን ይገርመኛል። ባሕር አማረኝ ሲል ሐሳቡ ዛንዚባር ይደርሳል። በደወሌ በኩል ቁልቁል ብንወርድ የምናገኘው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ደግሞ በዓለም ትልቁ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ እየመጣ ይመገባል፣ ፈረንጁ እሱን ብሎ ከአውሮፓ ድረስ ይበራል፣ እኛ ጅቡቲን የምናውቃት በወደቧና በሽቶዋ ብቻ ነው። አቦ፣ አይ!

ቦታው አርታ ይባላል። ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፣ በጀልባ ይኬዳል። እዚያ የአየር ሲሊንደር ተሸክማችሁ አትገቡም። ማስክ፣ መተንፈሻ ቱቦና ፊን የሚባለው እግር ላይ የሚጠለቅ መዋኛ ብቻ ነው። ዓሣው የሚበላው ውኃው ላይኛው ክፍል ላይ ስለሆነ እናንተም እዚያው ተንሳፍፋችሁ ታዩታላችሁ። ዌል ሻርክ ሲያድግ ከ12 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ አርታ የሚመጡት ግን አብዛኛዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፣ ገና አራት አምስት ሜትር የሆኑ። «ገና» ስል ግን ውኃ ውስጥ አጠገባችሁ ሲመጣ «ገና» የሚባል ነገር ትዝ አይላችሁም።

እኔን ያስገረመኝ አፉ ነው። ጥርሶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ግን ከደቃቅነታቸው የተነሳ አይታዩም። ስለዚህ ሰው ይነክሳል ብላችሁ አትፍሩ። አፉን በርግዶ ይከፍታል፣ ውኃውን ይስባል፣ ውኃው ከጭንቅላቱ ጀርባ ባሉት የመተንፈሻ ስንጥቆች ይወጣል፣ ምግቡ ፕላንክተን፣ ማለት ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ሕይወት ያለው ነገር፣ ውስጥ ይቀራል። ዓይኑ ከአፉ ጥግ ላይ ነው፣ ለዚያ ሁሉ ገላ የማትመጥን ትንሽዬ ዓይን። ሆዱ ሥር ደግሞ ሬሞራ የሚባሉ ዓሣዎች ተለጥፈው በነፃ ይሳፈራሉ። ጀርባው ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ይለያያሉ፣ ተመራማሪዎች እሱን ፎቶ አንስተው ነው አንዱን ከሌላው የሚለዩት።

አንዱ ዓሣ ላይ ክንፉ አካባቢ ጠባሳ አየሁ። የጀልባ ሞተር ነው አለኝ የጀልባው ልጅ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው አለኝ። እዚህ ላይ ልጆቹን አመሰግናለሁ። ከሩቅ ሞተሩን አጠፉት፣ ማንም እንዳይነካ አስጠነቀቁ፣ ሴልፊ ብሎ ጀርባው ላይ ሊወጣ የፈለገውን አንድ ጎረምሳ በሱማልኛ ልክ ልኩን ነገሩት። ሌሎች ጀልባዎች ግን አንድ ዓሣ ሲያዩ አራት ሆነው ይከቡታል። እንስሳው እኮ ከ2016 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።

አብረውን የነበሩ ሰዎች «ውኃው ድፍርስ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያየነው ሰማያዊ ነበር» ብለው ሲያማርሩ የአክስቴ ልጅ ሳቀች። እሷ ኬፕ ታውን ነው የምትኖረው፣ ዳይቪንግም እዚያ ነው የተማረችው። አረንጓዴ የሚያደርገው ፕላንክተኑ ነው አለቻቸው፣ ዓሣው የሚመጣው ደግሞ ለእሱ ነው፣ ውኃው ቢጠራ ኖሮ ባዶ ባሕር ነበር የምታዩት። የእሷ አገር ባሕር ይበልጥ ከባድ ነው። ነፋሱ የላዩን ውኃ ከዳርቻው ሲገፋ ቀዝቃዛው ከታች ይወጣል፣ በአትላንቲኩ በኩል 10 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። ወፍራም ልብስ ከነኮፍያው ለብሰው ነው የሚገቡት። ግን ቅዝቃዜው ይዞት የሚመጣው ምግብ ኬልፕ የሚባለውን የባሕር ተክል ያሳድጋል፣ ከ10 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ በመሀሉ እንደ ጫካ የሚዋኙበት። ባለ መስመር ፒጃማ የለበሰ የሚመስል ትንሽ ሻርክ አለ፣ ፒጃማ ሻርክ ነው ስሙም። ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ደግሞ ፊናችሁን ነክሰው ይጎትታሉ። ይኼን ስትነግረን ጅቡቲ ላይ ቀጭን ልብስ ለብሳ ወደ 26 ዲግሪ ውኃ ውስጥ «ይኼ መታጠቢያ ቤት ነው» እያለች ነበር።

በማግስቱ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ሄድን። እዚያ ነው ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ። ፈቃድ የሌለው ሰው ከአስተማሪ ጋር ሆኖ እስከ 12 ሜትር መሞከር ይችላል። ኮራሉ፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ፍጥረት፣ ደህና ነው፣ ሁሉም ቦታ አይደለም፣ አንዳንዱ ተሰባብሯል። ዓሣውም አለ፦ ሊዮንፊሽ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ አፉን የሚከፍት የሚከድን ሞሬይ የሚባል እባብ መሳይ ዓሣ። መሣሪያው ያረጀ ነበር ግን ይሠራል። ጆሮአችሁን ካመማችሁ አፍንጫ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ መንፋት ነው፣ ካልከፈተ ወደ ላይ መመለስ፣ መታገል የለም። ትንፋሽ መያዝ ደግሞ ፈጽሞ!

አሁን ወደ አራቱ ነጥብ። ስንመዘገብ ሰውዬው ገንዘብ ጠየቀ፣ ስም ጠየቀ፣ የጫማ ቁጥር ጠየቀ። ከየት እንደመጣንና ማታ የት እንደምናድር አልጠየቀም። ለፈረንጅ ቱሪስት ችግር የለውም፣ ጅቡቲ ሆቴል ነው የሚያድረው። እኛ ግን ደጋ ነን፣ ቢያንስ ለባሕር። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900። ደንገጎን ስትወጡ ከዚያም በላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 10 ሜትር ስትጠልቁ ግፊቱ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፣ ከሲሊንደሩ የምትስቡት አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ወደ ቀለለ አየር ቶሎ ስትወጡ የአምቦ ውኃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ጠላቂ በዚያው ቀን አውሮፕላን አይሳፈርም የሚባለው፣ አንዴ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ 18 ሰዓት ይጠብቃል። መኪናም ተራራ ከወጣ ያው ነው። የአክስቴ ልጅ ኬፕ ታውን ጠልቃ በዚያው ቀን ቴብል ማውንቴን ላይ አትወጣም፣ ተራራው ደግሞ 1,086 ሜትር ነው። ድሬ ትበልጠዋለች እኮ!

ሰውዬውን ጠየቅሁት። «ከጠለቃችሁ በኋላ ማታውኑ መኪና እናዘጋጅላችኋለን» አለ፣ ፓኬጁ እንደዚያ ነው አለ። በሱ ቤት ለኛ አስቦ ነው። ለድሬና ለሐረር ሰው የሚሸጥ ፓኬጅ ላይ ይኼ ማስጠንቀቂያ ካልተጻፈ ግን አራት ነጥቡም በዛበት። መኪናውን ትተን አደርን፣ የአዳር ወጪው ከኪሳችን ወጣ።

ዌል ሻርኩን ብቻ በቱቦ ለማየት የምትሄዱ ግን ይኼ አይመለከታችሁም፣ በዚያው ቀን ብትመለሱም ምንም አትሆኑም። ሲሊንደር ከነካችሁ ግን መጥለቁን መጀመሪያ ቀን አድርጉት፣ ዌል ሻርኩን ወደ መጨረሻው ግፉት። ለእኛ ሰውዬው ገልብጦ ነው የያዘልን።

ቀሪውን በአጭሩ። ማልዳችሁ ውጡ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ የኛው ጫትም ይገባል፣ ያን ጊዜ ካፒቴን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ዋጋው በዶላርም በፍራንክም ይነገራል፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ምሳና የመሣሪያ ኪራይ ይካተት እንደሆነ አስቀድማችሁ አስጽፉ፣ በቃል አይሆንም። ቪዛ እዚሁ ጨርሱ። ማስክ የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የነሱ ጎማው ስለደረቀ ውኃ ያስገባል፣ ጢም ያለው ሰው ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገጥምም።